የእንጨት በረንዳችንን አንስቶ የብረት የተካልን ብየዳ ቤት

ይኼን የምጽፈው በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ቀና ብሎ እያየ «ማን ሠራላችሁ? ስንት ወሰደባችሁ? ያንን እንጨት ግን እንዴት አስቻላችሁ?» ስለሚለን ነው። ሦስቱንም እመልሳለሁ። ሦስተኛው ትንሽ ይረዝማል።

የሠራልን ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ላይ ካሉት ብየዳ ቤቶች አንዱ ነው። ስም አልጠራም። ጥሩውንም መጥፎውንም ስለማወራ የሰው እንጀራ ላይ መቆም አልፈልግም። ከፊት ለፊት እንደማንኛውም ብየዳ ቤት የተሠሩ በሮችና መስኮቶች ይደረደራሉ። ከኋላ ግን አንድ አሮጌ የእንጨት መላጊያ ማሽን አለ፤ እኔን የሳበኝ እሱ ነው። እዚህ ከተማ ብየዳ የሚያውቅ ሰው እንጨት አይነካም፣ አናጺውም ብረት አይነካም። አሮጌ ቤት ይዛችሁ ስትሄዱ ሁለቱንም የሚያውቅ ካላገኛችሁ እያንዳንዱ የሚነግራችሁ ስለ ቤታችሁ ሳይሆን ስለሚሸጠው ዕቃ ነው። እኛ መጀመሪያ ያነጋገርነው ብየዳ ቤት እኮ ቤቱን ሳያይ በስልክ «በሜትር ይኼን ያህል» ብሎን ነበር። ምኑን ነው በሜትር?

ቤታችን ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከተራ ቀን ታቦታት የሚያልፉበት መንገድ ላይ ያለ ፎቅ ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ። አያቴ ያሠራው በ1940ዎቹ ነው። ጣሊያን ጎንደርን የለቀቀው ህዳር 1934 ነው፤ አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ከወራት በኋላ፣ ከሁሉም መጨረሻ ማለት ነው። ሲወጣ ፒያሳ ላይ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማውን ጨምሮ ያን ሁሉ ሕንፃ ትቶ ሄደ። እነዚያ ላይ ሲሠሩ የኖሩ አናጺዎችና ግንበኞች ከተማው ውስጥ ቀሩ። የእኛ በረንዳ የእነሱ እጅ ነው ይባላል በቤታችን፤ ሲታይም ያስታውቃል።

በረንዳው ከላይኛው ሳሎን ወጥቶ ወደ መንገዱ የሚያይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንጨት ነበር። የተሸከሙት የጥድ ግንዶች ናቸው፤ ከግድግዳው ውስጥ ብቅ ብለው ከታች ምንም ሳይደግፋቸው የቆሙ። ወለሉ ጣውላ። መከለያው በእጅ የተጠረቡ ዘንጎች ሲሆኑ ሁለት ተመሳሳይ አታገኙባቸውም። ከላይ ያለው የእጅ መደገፊያ ወይራ ነው። መሐሉ ላይ፣ ሰው ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦታ፣ ጠቁሮና ትንሽ ሰርጎ ያበራል። ወደ ጥጉ ደግሞ የሻማ ቃጠሎ ጠባሳ በተርታ አለበት፤ መብራት ሲጠፋ እዚያ ላይ ሻማ አጣብቀን ካርታ የምንጫወት ልጆች ነበርን። እናቴ በርበሬ የምታሰጣው እዚያ ነው፣ ልብስ የምትሰቅለው እዚያ ነው፣ ከጎረቤት ጋር የምታወራው እዚያ ነው። ቤቱን ለማያውቅ ሰው አቅጣጫ ስንናገር «የእንጨት በረንዳ ያለው» ነበር የምንል። ስለዚህ «አስቻላችሁ ወይ» የሚለው ጥያቄ አይገርመኝም።

እንግዲህ ወደ ብየዳ ቤቱ። ባለቤቱ ሊያይ ሲመጣ ሜትር አልያዘም። ካቻቪቴ ነው ይዞ የመጣ። መሰላል አቁሞ ወጣና ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ መውጋት ጀመረ። መሐላቸውን ሲወጋ ካቻቪቴው እንቢ አለ፤ ያ ጥድ በዚህ ዕድሜው ብረት ነው። ግድግዳው ጥግ ሲደርስ ግን እስከ እጀታው ሰመጠ። ሲመዘው እርጥብ ቡናማ ዱቄት ተከትሎት ወጣና እናቴ ነጠላ ላይ ተበተነ። እሱ ግን ሌላውንም ወጋ፣ የሚቀጥለውንም። ከጫፎቹ አንዱ ብቻ ነው ደህና የተገኘው። ወርዶ እጁን ጠረገና «እማማ፣ ይኼ በረንዳ እኮ የቆመው በእርስዎ ጸሎት ነው» አላት። እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም በየዓመቱ ከተራ ቀን ስንት ሰው እዚያ ላይ እንደሚወጣ አውቃለሁ።

ለዚህች ምርመራ አንድ ብር አላስከፈለም። ይኼ ለእኔ የዚህ ብየዳ ቤት ትልቁ ነጥብ ነው። በስልክ ዋጋ ከሚነግራችሁና ካቻቪቴ ይዞ ከሚመጣ ሰው መሐል ሁለተኛውን ምረጡ።

ታዲያ ጥድ ምስጥ እንኳ የማይደፍረው እንጨት ሆኖ ምን አበሰበሰው? ባለቤቱ ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር አደረገና «ይኼ ነው» አለ። ሲሚንቶ። የድሮው ልስን ኖራ ነበር። ከዓመታት በፊት ዝናቡ ሲያረግፈው እንደ ሰፈሩ ሁሉ በሲሚንቶ ተለሰነ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ያምራልም። ችግሩ ከስሩ ያለው ግድግዳ ጭቃና ድንጋይ መሆኑ ነው። ጭቃው ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ግን መውጫ የለውም። ኖራ ቢሆን እርጥበቱን መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶው ሲዘጋበት ውሃው ግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን የተሸካሚ ራስ አገኘና እዚያው ተቀመጠ። በላይ በኩል ስታዩት በረንዳው ደህና ነው። የሞተው ግድግዳው ውስጥ ነው።

ይኼ የእኛ ቤት ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። የፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥት በድንጋይና በኖራ ነው የተገነቡት። ጣሊያኖች በያዙን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ጠጋግነዋቸው ነበር፤ ኋላ ላይ የመጡት ጠጋኞች ግን ወደ ኖራው ነው የተመለሱት። ለነገሥታቱ ቤት ያልተስማማ ለእኛ እንዴት ይስማማል? አሮጌ የጭቃና ድንጋይ ቤት ያላችሁ ሰዎች ሌላውን ብትዘሉት እንኳ ይኼን አንቀጽ አትዝለሉት። ልስኑ የተነሳበትን ቦታ ዛሬ ሄዳችሁ በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ባዶ ድምፅ ካሰማችሁ ከጀርባው ውሃ ሊኖር ይችላል።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ሦስት ሆነ።

አንደኛው መልሶ በእንጨት መሥራት ነው። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም የፈለግነው ይኼንን ነው። ግን የሚሸከም ጥድ ከየት ይመጣል? ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ «አለኝ» የሚላችሁ ሰው ካለ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት፣ ፊቱን እዩት። የሚቀረው ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ ለመወጣጫና ለአጥር ግሩም ነው፣ ለተሸካሚ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስጥም ይወደዋል። ይኼን ከወለሉ አይተነዋል። ከጣውላዎቹ አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ በባህር ዛፍ የተተኩ ነበሩ፤ ሲነሱ ከስር የተበሉት እነሱ ብቻ ናቸው፣ የድሮዎቹ አጠገባቸው ደህና ተኝተው። ከዚያ ላይ የእንጨቱ ዋጋ ከብረቱ እጥፍ በላይ መጣ፣ እሱም ጥርቡን የሚጠርብ ሰው ከተገኘ ነው።

ሁለተኛው አርማታ። የሰፈራችን ግንበኛ «ፌሮ ዘርግተን እንሙላው፣ ለልጅ ልጅ ይሆናል» ብሎ ነበር። የብየዳ ቤቱ ባለቤት እዚህ ላይ ነው ቆጣ ያለው። በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ከሆዱ ወጥቶ በአየር ላይ የሚንጠለጠል አርማታ አይሸከምም። ክብደቱ ግድግዳውን ወደ መንገዱ ይስበዋል። ስንት አሮጌ ቤት በዚህ ሆዱ ተነፍቶ እንደቆመ ዞር ዞር ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ግድግዳውን ከነጭራሹ የማይነካ ብረት ነው። በራሱ ምሰሶ ከመሬት ተነስቶ የሚቆም፣ ቤቱ ላይ ያልተደገፈ። ምሰሶዎቹ ግቢያችን ውስጥ ስለሚያርፉ የመንገድ ጣጣም የለው። ይኼን መረጥን። የመጨረሻዋን ቃል የተናገረችው እናቴ ናት፤ «ሰው ይዞ ሲወድቅ ከማየው ባዶውን ሲፈርስ ልየው» አለች። ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም።

ዋጋ እየጠየቃችሁኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ብጽፈው ነገ አይሠራም። የብረት ዋጋ በሳምንት ውስጥ ስንቴ እንደሚለወጥ ታውቁታላችሁ። ይልቅ አሠራሩን ልንገራችሁ። መከለያውን በሜትር፣ ወለሉን በካሬ፣ ምሰሶና ተሸካሚውን በቁራጭ አስልቶ ለየብቻ ጻፈልን። ይኼ ጥሩ ነው፤ የቱ ጋ እንደምትከራከሩ ታውቃላችሁ። ቀብድ ከግማሽ በላይ ጠይቆ ነበር። ግማሽ ሰጠነው፣ የቀረውን ከፋፍለን። እናንተም መጨረሻ ላይ የሚቀር ገንዘብ ሳትይዙ እንዳትጀምሩ።

አፈራረሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። የብየዳ ቤቱ ልጆች ከታች በባህር ዛፍ ደግፈው፣ መንገደኛ እንዳያልፍ ገመድ አስረው፣ ከጫፍ እየጀመሩ አንድ በአንድ ነው ያወረዱት። መዶሻ ይዞ እየደበደበ የሚያፈርስ ሰው አይቼ ስለማውቅ ይኼ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ተሸካሚዎቹ የወጡበትን ቀዳዳ በድንጋይና በኖራ ደፍነው፣ በዙሪያው ያለውን የሲሚንቶ ልስንም ልጠው ጣሉት። የምሰሶዎቹ እግር አፈር አይነካም፤ በኮንክሪት መሠረት ላይ ከፍ ብሎ በብሎን ታስሯል። ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ የለውም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ቀና ብሎ አያየውም፣ ግን በረንዳውን የሚያኖረው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታው።

የመጀመሪያው ስለ እንጨቱ ነው። ፈርሶ ግቢ ውስጥ ሲከመር ከልጆቹ አንዱ በትሕትና «ቆሻሻውን እኛው እናነሳላችኋለን፣ እንዳትቸገሩ» አለን። አመሰገንን። ከሰዓት ጋሪ መጣ። ጋሪው ላይ ቀድመው የወጡት ግን የተበሉት ጣውላዎች አይደሉም፤ የጥዱ ግንዶች ናቸው፣ ወይራው መደገፊያም ከላያቸው። በር ላይ ደርሼ ነው ያስቆምኩት። «ይኼ ቆሻሻ ነው?» ስለው ልጁ መሬት መሬት እያየ «አሠራራችን እንደዚህ ነው» አለ። አሠራራቸው እንደዚህ ከሆነ ዋጋው ላይ መታሰብ ነበረበት፣ አይደለም? የደረቀ አሮጌ ጥድ እኮ ጫፉ ቢበሰብስም መሐሉ ተሰንጥቆ ስንት በርና ስንት ሣጥን ይወጣዋል፤ ያ መላጊያ ማሽን ከኋላ ለምን እንደቆመ ያኔ ገባኝ። ባለቤቱ ጋ ደወልኩ። ሳይከራከር «እሽ፣ ይውረድ» አለ፤ ይኼን አልክድበትም። ግን እኔ ቤት ባልኖር ኖሮ ሄዶ ነበር። አሮጌ ቤት የምታሳድሱ ሁሉ፣ የሚፈርሰው እንጨት፣ በር፣ ማጠፊያ፣ ድንጋይ ሳይቀር የማን እንደሆነ ውሉ ላይ አስጽፉ። «ቆሻሻ እናነሳለን» የሚለው ቃል ውስጥ ብዙ ነገር ይነሳል።

ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። ለመከለያው የተስማማነው ባለ 40 በ40 አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ነበር። ብረቱ ሲመጣ ዓይን አይለየውም፤ ወፍራሙም ቀጭኑም ያው አራት ማዕዘን ነው። ጎረቤታችን እህል ነጋዴ ነው፣ ሚዛኑን ለመንነው። ባለ 6 ሜትሩ ዘንግ 2 ሚሊ ከሆነ 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 1.5 ከሆነ 11 እንኳ አይሞላም። ከመጡት ዘንጎች ከፊሉ የቀጭኑ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ «ከመደብር ተደባልቆ ነው የመጣው» አለና ቀየረው። ሊሆን ይችላል። እኔ የምለው ሚዛን አይዋሽም፣ አይጣላምም፤ ከመበየዱ በፊት መዝኑ። ከተበየደ በኋላ ከዘንግ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ነው የምትጣሉ።

ሦስተኛው የወለሉ ዝንባሌ። ወለሉ እንዳያንሸራትት ጎርበጥበጥ ያለ ወፍራም ላሜራ ነው። ውሃው ወደ መንገዱ በኩል ወዳለው አሸንዳ መፍሰስ ሲገባው የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ቀጥ ብሎ ወደ ሳሎኑ በር መጣ። ውሃ ልክ ይዘው የሠሩት ነው፤ ልክ ስለሆነ ነው እንዲያውም የተበላሸው፣ ትንሽ ወደ ውጭ ማዘንበል ነበረበት። ደውለን፣ «ነገ» ተብለን፣ ደውለን፣ «መብራት ጠፍቶ ነው» ተብለን፣ በመጨረሻ እናቴ ራሷ ስልኩን ተቀብላ «ልጄ፣ ሳሎኔ ውስጥ ጀልባ ልግዛ ወይ?» ስትለው በነጋታው መጡ። አስተካከሉት፣ በደንብ ነው ያስተካከሉት። ግን ዝናብ መጥቶ ሳይነግረን በፊት ማወቅ እንችል ነበር፤ ሥራ ሲያስረክቧችሁ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱበት። ጎንደር ውስጥ ባልዲ ሙሉ ውሃ መሬት ላይ መድፋት ልብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ድፉት።

አራተኛው አሁንም አላለቀም። ቀለሙ። ከብየዳ በኋላ መጋጠሚያው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት መትቶ አራግፎ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ቀብቶ፣ ከዚያ ነው ቀለም የሚቀባው። ከላይ በሚታየው በኩል እንደዚያ አድርገዋል። ከስር፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ቅርፊቱን ሳያራግፉ ቀለሙን ደፍነውበታል። ዝናቡ ሲደጋግም ከየመጋጠሚያው ቡናማ መስመር መውረድ ጀመረ። ከስር ቆማችሁ ቀና በሉ፤ የብየዳ ቤት ሐቀኝነት የሚታየው ከታች ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሊሸጡልን ሞክረው እንቢ ያልነው አለ። እንጨት የሚመስል ቀለም። ብረቱን ቡናማ ቀብተው በብሩሽ የእንጨት መስመር ይስሉበታል፣ ናሙናውን አሳዩን፣ ጎበዝ ሠዓሊ ነው እውነቱን ለመናገር። እኔ ግን አልወደድኩትም። እንጨቱን አጥተነው ሳለ በየቀኑ አስመሳዩን እያየሁ ቡና መጠጣት አልፈልግም። ብረት ከሆነ ብረት ይምሰል። ጥቁር ቀባነው፣ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ያለ አበባ ያለ ጦር። አበባና ጦር ሰፈሩን ሞልቶታል።

የድሮውን ወይራ መደገፊያ ከላይ እንግጠመው የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር፣ ከባለቤቱ ነው የመጣውም። ይኼን ብዙ አሰብንበት። የድሮው መከለያ ዝቅ ያለ ነበር፣ የተቀመጠ ሰው ክንዱን የሚያሳርፍበት፤ ለቆመ ሰው ግን ወገቡ ላይ እንኳ አይደርስም፣ ልጅ ላለበት ቤት ደግሞ አደጋ ነው። አዲሱ አንድ ሜትር ከአሥር ነው፣ በዘንጎቹ መሐል ያለው ክፍተትም ከ10 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የሕፃን ራስ እንዳያልፍ። ወይራውን ከዚህ ላይ ብንሰቅለው ያ የሰረገው ቦታ ማንም ክንዱን በማያደርስበት ከፍታ ላይ ይሆናል። ርዝመቱም አይበቃም፣ መቀጠል ይፈልጋል። ተውነው።

እና እንዴት ነው አዲሱ? ያጣነውን አልደብቅም። መጋቢት ቀትር ላይ መደገፊያው እጅ አያስነካም፣ ጠዋት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ዝናብ ሲመጣ ላሜራው ላይ የሚያሰማው ጩኸት ሳሎን ውስጥ ወሬ ያቋርጣል፤ በረዶ ሲጨመርበት ቴሌቪዥኑን አጥፉት፣ አትሰሙትም። ዘንድሮ ከተራ ቀን እንደ ልማዱ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ድሮ ሁሉም ሰው መደገፊያው ላይ ተደፍቶ፣ አገጩን ክንዱ ላይ አድርጎ ነበር የሚያየው። አሁን ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆመ። ማንም ማንንም «ቁም» አላለውም፤ ብረቱ አያስደፋም። አክስቴ ሦስቴ ሞክራ «ኤዲያ» ብላ ወንበር አስመጣች።

ያገኘነውም አለ ግን። ድሮ ከተራ ሲሆን እናቴ የሳሎኑ በር ላይ ቆማ ሰው እየቆጠረች ነበር የምታስወጣ፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፣ ልጆች ያለቅሳሉ፣ የሚቀየም አይጠፋም። ዘንድሮ ማንም አልተቆጠረም። እንዲያውም ከታች መንገድ ላይ ያየቻቸውን የማታውቃቸውን ሰዎች ሁሉ «ውጡ፣ ውጡ» እያለች ትጠራ ነበር። ሌላው ማንም ያልጠበቀው በርበሬው ነው። ላሜራው ስለሚግል ጣውላው ላይ ከሚፈጀው ጊዜ በጣም ባጠረ ጊዜ ደረቀላት። ይኼን ለሰፈር ሁሉ ተናግራለች። አሁን የጎረቤት በርበሬም እኛ ጋ ነው የሚሰጣው፤ ከሳሎን ሆነን እያነጠስን ነው።

ስለ ፈቃድ አንድ ቃል ልጨምር። ብየዳ ቤቱ «ጥገና ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም» ብሎን ነበር። አትስሙት። ወደ መንገድ የሚያየውን የቤት ገጽ የምትነኩ ከሆነ፣ በተለይ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ራሳችሁ አውጡ። እኛ አውጥተን ነው የጀመርነው። ሥራው ተጀምሮ ከሚቆም ሳይጀመር ቢዘገይ ይሻላል።

ለማን ይሆናል ይኼ ብየዳ ቤት? አዲስ ቤት ሠርታችሁ በርና መስኮት ብቻ ለምትፈልጉ ሰዎች ከሌሎቹ ብዙም አይለይም፤ ቅርብ ያለው ዘንድ ሂዱ፣ የትራንስፖርቱ ይተርፋችኋል። አሮጌ ቤት ላላችሁ ግን፣ በተለይ «ይዳን ወይስ ይፍረስ» ብላችሁ ለምታመነቱ፣ ባለቤቱን ጥሩትና ካቻቪቴውን ይዞ ይምጣ። መፍረስ የሌለበትን አፍርሱ የሚል ሰው አይደለም። የሳሎናችንን የእንጨት መስኮቶችም ወግቶ አይቷቸው ነበርና «እነዚህ ደህና ናቸው፣ ቀለም ቀቧቸውና ተዉአቸው» ብሎ አልፏቸዋል፤ በአሉሚኒየም እንቀይርላችሁ ቢል እኮ ከበረንዳው ያልተናነሰ ገንዘብ ይበላ ነበር። ሥራው ሲጀመር ግን እሱ ራሱ ቦታው ላይ መኖሩን አረጋግጡ። እሱ ባለበት ቀን የተሠራውና ልጆቹ ብቻቸውን የሠሩት ከሩቅ ይለያል።

የጥዱን ግንዶች የበሰበሰ ጫፋቸውን አስቆርጠን ከቤቱ ጀርባ ዝናብ በማያገኛቸው ቦታ ከፍ አድርገን ደርድረናቸዋል። እንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ሰው ዘንጎቹንና ወይራውን «ለጌጥ» ብሎ ሊገዛን መጥቶ ነበር። እናቴ ለዘንጎቹ ዋጋ ጠራች፣ ለወይራው አልጠራችም። ሰውየው ያለ ወይራው አልፈልግም ብሎ ሄደ፤ ይመለሳል ብላ ነው የምታስብ።

ለአሁኑ ከ10 ሰባት እሰጣቸዋለሁ። የመጨረሻው ክፍያ እኔ ጋ ነው ያለው። ባለቤቱም ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም ላይ፣ ከስር ያለውን ብየዳ ሁሉ ልጦ እንደገና እንደሚቀባ ነግሮኛል። መጥቶ ከጨረሰ ስምንት አደርገዋለሁ።